ሜክሲኮ፣ ሩዝቬልት፣ ኦልድ ኤርፖርት፦ የሰፈራችን ስሞች ፎቶ አላቸው

የዚህ ወር ጨዋታችን ስለ ድሮ ፎቶና ስለ ድሮ ድምፅ ነው። «ደግሞ ታሪክ ሊያስጠናን ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት አደራ። የምናወራው ለሥራና ለትምህርት ቤት ስንሯሯጥ በየቀኑ ስለምናልፍባቸው ቦታዎች ነው።

እኛ ልደታ የምንኖር ሰዎች የዓለም ካርታ ደጃፋችን ላይ ተዘርግቶልናል። የታክሲ ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ይጣራል። በአፍሪካ ኅብረት በኩል የሚያልፈው መንገድ በአንድ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ስም ሩዝቬልት ጎዳና ይባላል። ሲያመን የምንሄድበትን ባልቻ ሆስፒታል ከጦርነቱ በኋላ ያቋቋመው የሶቪየት ቀይ መስቀል ነው። ከዚያ አለፍ ስንል ኦልድ ኤርፖርት አለ፤ መንገደኛ የማይሳፈርበት ኤርፖርት። የሰባት ዓመቷ ልጄ አንድ ቀን ባቡር ውስጥ «ሜክሲኮ የሚኬደው በአውሮፕላን አይደለም እንዴ?» ብላ ስትጠይቀኝ ዙሪያችን የቆሙት ሰዎች ሁሉ ሳቁ። ጥያቄዋ ግን ከሳቅ በላይ መልስ የሚገባው ነው።

እነዚህ ስሞች እንዲሁ የተለጠፉ አይደሉም። ሁሉም ከአንድ ዘመን የመጡ ናቸው። ኢትዮጵያ ከጣሊያን ወረራ ወጥታ ከዓለም ጋር እንደገና መተዋወቅ ከጀመረችበት ጊዜ ማለት ነው። ደስ የሚለው ነገር ያ ዘመን በፎቶ፣ በፊልምና በድምፅ ተቀርጿል። የሚያሳስበው ደግሞ ብዙዎቻችን ስሙን እየጠራን ፎቶውን አናውቀውም፤ ፎቶውን ያየነውም በፎቶው ውስጥ ያሉትን ሰዎች አናውቃቸውም።

ልደታ የአገር በር ነበረች

ቦሌ በ1950ዎቹ መጀመሪያ እስኪከፈት ድረስ አዲስ አበባ በአየር የሚመጣ እንግዳዋን የምትቀበለው በልደታ በኩል ነበር። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ኩባንያ ጋር ተዋውሎ ሥራ ሲጀምር፣ የመጀመሪያው መደበኛ በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ። አውሮፕላኑ ከጦርነት የተረፈ ሲ-47 ነበር። የዚያን ዘመን አውሮፕላን በፎቶ አይታችሁት ከሆነ አፍንጫውን ቀና፣ ጭራውን መሬት አድርጎ ይቆማል።

የመጀመሪያው በረራ ለምን ወደ ካይሮ ሆነ? መልሱን ለማግኘት አንድ ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ፤ አንድ መርከብ ላይ የተነሳ ፎቶ አለ።

መርከብ ላይ የተነሳው ፎቶ

ጊዜው የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው። ቦታው ግብፅ፣ በስዊዝ ቦይ መካከል ያለው ታላቁ መራራ ሐይቅ። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከያልታው ጉባኤ ሲመለሱ ኩዊንሲ በተባለችው የጦር መርከብ ላይ ሆነው እንግዶች ይቀበላሉ። በዚያን ዕለት የግብፁን ንጉሥ ፋሩክንና ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴን አነጋገሩ፤ በማግስቱ የሳዑዲውን ንጉሥ ኢብን ሳዑድን።

ፎቶው ዛሬም አለ፤ ኢንተርኔት ላይ በቀላሉ ታገኙታላችሁ። ንጉሠ ነገሥቱ ወታደራዊ ልብስ ለብሰዋል። ሁለቱም ተቀምጠዋል። ሩዝቬልት ከብዙ ዓመት በፊት በፖሊዮ ምክንያት እግራቸው ሽባ ስለሆነ እንግዳ የሚቀበሉት ተቀምጠው ነበር። ፊታቸው ከስቷል፤ ሕመሙ ይታያል። ከዚያ ዕለት በኋላ የኖሩት ሁለት ወር ብቻ ነው።

ፎቶው የማይነግረን ነገር ንግግሩ ለምን እንዳስፈለገ ነው። ኢትዮጵያ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነፃ ወጣች ብለን ተምረናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ጣሊያንን ለማስወጣት የረዳው የእንግሊዝ ጦር ቶሎ አልወጣም። ኦጋዴን በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ነበር። ገበያው ላይ የሚዞረው ከማርያ ቴሬዛ ጠገራ ጎን ለጎን የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነበር። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ ሌላ ኃያል ወዳጅ ፈለጉ። ከሩዝቬልት ጋር የተነሱት ጉዳዮች የባሕር በር፣ ኤርትራና የባቡሩ ጉዳይ ነበሩ።

ፎቶው ከተነሳ በኋላ በነበሩት ወራት ምን እንደተከተለ ተመልከቱ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ኢትዮጵያ የራሷን ገንዘብ አወጣች፤ የሃምሳ ሳንቲሙ ብር ማዕድን ከአሜሪካ የመጣ ነው። አየር መንገዱ ተመሠረተ። አገራችን በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 51 መሥራች አባላት ውስጥ ገባች፤ ከአፍሪካ ከእርሷ ጋር የነበሩት ግብፅ፣ ላይቤሪያና ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናቸው። ይህን ሁሉ አንድ ፎቶ አመጣው አልልም። ነገር ግን ሩዝቬልት ጎዳና ላይ ታክሲ ስትጠብቁ ከስሙ ጀርባ ሁለት ሰዎች መርከብ ላይ ተቀምጠው እንደነበር ብታስታውሱ መንገዱ ሌላ መንገድ ይሆንባችኋል።

ሜክሲኮ ለምን ሜክሲኮ ተባለ?

የልጄን ጥያቄ እንመልስ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የአገራቸውን በደል በአማርኛ ሲናገሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት አወኳቸው። የዜና ፊልሙ ዛሬም ይታያል። ፉጨቱ ሲበረታ የሚናገሩት ሰው ዝም ብለው ይቆማሉ፤ አይቆጡም፣ አይወርዱም። ከዚያ በኋላ አብዛኛው የዓለም መንግሥት የጣሊያንን ወረራ እንደ ሕጋዊ ነገር ሲቀበል ሜክሲኮ እምቢ ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሆነች። ጎረቤት አይደለችም፣ ዘመድ አይደለችም፣ ከእኛ የምታገኘው ጥቅም አልነበራትም።

ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 1946 ዓ.ም. ሜክሲኮን ጎበኙ። እኛ አደባባያችንን በስሟ ጠራን። እነርሱም ዋና ከተማቸው ውስጥ የኢትዮጵያ አደባባይ አላቸው፤ በስሙም የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ከፍተዋል፤ የጣቢያው ምልክት የአንበሳ ራስ ነው። እንግዲህ ጠዋት ጠዋት እኛ «ሜክሲኮ ወራጅ አለ!» ስንል፣ ሜክሲኮ ከተማ ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው ኢትዮጵያ ጣቢያ ላይ ይወርዳል። ለልጄ ይህን ስነግራት ከሁሉም በላይ የወደደችው አንበሳውን ነው።

ፎቶ እንዴት አገር ያስተዋውቃል?

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። አንድ ፎቶ ሲወጣ ማን የት እንደሚቆም፣ ምን እንደሚለብስ፣ ከጀርባው ምን እንደሚታይ አስቀድሞ የሚወሰንበት ሙያ ነው። በዚህ ዓይን የዚያን ዘመን ፎቶዎች ሳይ ቤተ መንግሥቱ ይህን ጥበብ ከእኛ አስቀድሞ እንደሚያውቀው ይገባኛል።

ግንቦት 1946 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ግብዣ አሜሪካ ሄዱ፤ ለኮንግረሱ ንግግር አደረጉ። ኒው ዮርክ ውስጥ በክፍት መኪና ሲያልፉ ከፎቆቹ የሚበተነው ወረቀት እንደ በረዶ ይወርድባቸዋል። ያን ዓይነት አቀባበል በ1956 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ ተደርጎላቸዋል። በ1947 ዓ.ም. ምዕራብ ጀርመንን የጎበኙ የመጀመሪያው የውጭ ርዕሰ ብሔር ሆኑ። ታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. የዩጎዝላቪያው ፕሬዚዳንት ቲቶ ጋሌብ በተባለችው መርከባቸው ምጽዋ ደረሱ። ስድስት ኪሎ ያለውን የየካቲት 12 ሐውልት የሠሩትም ዩጎዝላቮቹ ቀራፂዎች አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች ናቸው። ጥር 1957 ዓ.ም. ንግሥት ኤልሳቤጥ መጡ። በ1964 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ቤይጂንግ ላይ ከማኦ ጋር ተነሱ።

ዝርዝሩን በአንድ መስመር አስቀምጡት፦ አይዘንሃወር፣ ቲቶ፣ ኤልሳቤጥ፣ ማኦ። እነዚህ ሰዎች ሁሉም በአንድ ወገን የተሰለፉ አልነበሩም። ኢትዮጵያ ግን ከሁሉም ጋር ፎቶ አላት። ዓለም ለሁለት ተከፍሎ «ከማን ወገን ነህ?» በሚባልበት ጊዜ ለአንድ ድሃ አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ጥቃቅኗን ነገርም ልብ በሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ቁመታቸው አጭር ነው፤ ሆኖም በፎቶ ላይ ሲያንሱ አይታዩም። ሲቆሙ ቀጥ ብለው ነው፤ ካባቸው ትከሻቸውን ያሰፋዋል። ኅዳር 15 ቀን 1956 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ቀብር ላይ ከመለሎው ከደ ጎል ጋር ፊት ረድፍ ላይ ሲራመዱ የሚያሳየውን ፊልም ያየ ሰው የቁመታቸውን ልዩነት ያያል፤ ግን ዓይኑ ሁለቱም ላይ እኩል ያርፋል። ከዚያ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ዋሽንግተንን ሲጎበኙ ለወይዘሮ ጃክሊን ኬኔዲ የነብር ቆዳ ካፖርት አበርክተው ነበር። ቀዳማዊት እመቤቷ እዚያው ለብሰውት ተነሱ። እኛ ማርኬቲንግ ላይ ያለን ሰዎች እንዲህ ያለ ፎቶ በገንዘብ አይገዛም እንላለን።

ድምፁን መስማት

ፎቶው ዝም ይላል። ድምፁ ግን ሌላ ነው።

መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገው ንግግር ተቀርጾ አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ፈረንሳይኛ አቀላጥፈው ይናገሩ ነበር፤ እዚያ መድረክ ላይ ግን የመረጡት አማርኛን ነው፤ ልክ እንደ ጄኔቫው። ስለ ዘር እኩልነት የተናገሩት ክፍል በኋላ በቦብ ማርሌይ ዘፈን ውስጥ ገብቶ ዓለምን ዞረ። እኔና እኩዮቼ በመጀመሪያ የሰማነው ዘፈኑን ነው። ዋናውን ድምፅ ስትሰሙት አይጮኽም፣ አይጣደፍም። አረፍ እያለ፣ ቃሉን እየመዘነ ይሄዳል።

ከዚያ በፊት ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በአፍሪካ አዳራሽ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ተፈረመ። አገራችን ቴሌቪዥን የጀመረችው በ1957 ዓ.ም. ስለሆነ ያን ቀን አዲስ አበቤው በቤቱ ሆኖ አላየውም፤ በሬዲዮ ሰማው፣ በ«አዲስ ዘመን» ጋዜጣ አነበበው፣ ወይም መንገድ ዳር ቆሞ ባንዲራ እያውለበለበ ተቀበለ። የምናያቸው ፊልሞች በአገር ውስጥና በውጭ የዜና ካሜራዎች የተነሱ ናቸው። እንክሩማህ፣ ናስር፣ ሴኩ ቱሬ፣ ኔሬሬ በተራ ያልፋሉ። ከጀርባቸው 150 ካሬ ሜትር የሆነው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም የመስታወት ሥዕል አለ፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ሲሆን ግን ቀለሙን ለመገመት እንገደዳለን።

ከትከሻቸው ኋላ ያለው ሰው

አሁን አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። በእነዚህ ፎቶዎች ላይ መሃል ያለውን ሰው ተዉትና ዳር ዳሩን ተመልከቱ። ከእነዚያ ዓመታት በብዙዎቹ ፎቶዎች ከንጉሠ ነገሥቱ ትከሻ ኋላ መነጽር ያደረገ፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ አንድ ሰው ታገኛላችሁ። አክሊሉ ሀብተ ወልድ ይባላሉ። ፓሪስ የተማሩ ናቸው። ለረጅም ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ በኋላም ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ በፓሪስ የሰላም ጉባኤ ላይ ከጣሊያን ጋር ተከራክረዋል፤ በተባበሩት መንግሥታት የኤርትራን ጉዳይ ይዘው ለዓመታት ተመላልሰዋል። በፎቶው ላይ የሚጨባበጡት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ ከመጨባበጡ በፊት የነበረውን ወረቀትና እንቅልፍ ያጡበትን ሌሊት የያዙት ግን እኚህን የመሰሉ ሰዎች ናቸው።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. አክሊሉ ሀብተ ወልድ ከስልሳ ያህል ሰዎች ጋር ያለ ፍርድ ተገደሉ። የተገደሉት ከርቸሌ ነው፤ ሕዝቡ «ዓለም በቃኝ» የሚለው እስር ቤት። ከርቸሌ የት ነበር? ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ባለበት። ጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው 99.9 ሜትር ሕንፃ የቆመው እስር ቤቱ ፈርሶ በቦታው ላይ ነው። የካቲት 2011 ዓ.ም. በግቢው ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱ ሐውልት ቆሟል፤ የእንክሩማህም አለ።

ይህን ሳስብ ይከብደኛል። ዕድሜያቸውን ለአገር ዲፕሎማሲ የሰጡት ሰው የሞቱበት ምድር ዛሬ የአፍሪካ ዲፕሎማሲ ማዕከል ነው፤ አድራሻውም ሩዝቬልት ጎዳና። በዚያ በኩል በየቀኑ እናልፋለን። አንድም ቀን ለልጆቻችን አንነግራቸውም።

ያው ፊልም ሲገለበጥ

ፎቶ ግን ኩራት ብቻ አይደለም። ፎቶ የሚያስቀረውም ነገር አለ። ኤርትራ መስከረም 1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትዋሐድ ሥነ ሥርዓቱ ተነስቷል፤ ኅዳር 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ሲፈርስ ግን የተከፈለውን ዋጋ የሚያሳይ ፎቶ ወዲያው አልነበረም። ዋጋው በቀጣዮቹ ሠላሳ ዓመታት በየቤቱ ገባ።

የምስል ኃይል ከሁሉም በላይ የታየው ግን መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራውን ፊልም ደርግ ወስዶ ከቤተ መንግሥቱ ድግስ ምስሎች ጋር ቀላቅሎ በቴሌቪዥን አሳየ። አንዴ የተራበ ሕፃን፣ አንዴ ኬክ ሲቆረስ። በማግስቱ ጠዋት ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ለዓመታት ኢትዮጵያን ያስከበሩት የድግስና የአቀባበል ምስሎች በአንድ ማታ ምስክር ሆነው ተቆጠሩባቸው። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው ሰው ግን ዓላማ ነበረው።

በሙያዬ የተማርኩት ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ማንኛውንም ምስል ሲያሳዩህ «ማን አነሳው? ለማን? ከፍሬሙ ውጭ ምን ቀረ?» ብለህ ጠይቅ። ልጆቻችን ቀኑን ሙሉ በቲክቶክ ምስል ውስጥ ነው የሚያድጉት። ይህን ጥያቄ በአያቶቻቸው ዘመን ፎቶ ላይ ከተለማመዱት በራሳቸው ዘመን ምስል ላይም ይጠይቁታል።

የት እናገኘዋለን?

ብዙው መዝገብ ያለው ውጭ ነው። ብሪቲሽ ፓቴ የተባለው የዜና ፊልም ድርጅት በ2006 ዓ.ም. 85 ሺህ ያህል ፊልሞቹን በዩቲዩብ ለቋል፤ የጄኔቫውን ዘመን፣ የንግሥቲቱን ጉብኝት ፈልጉ። የመርከቡን ፎቶ በሩዝቬልት ቤተ መጻሕፍት፣ የነብር ካፖርቱን በኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት፣ የቲቶን ጉዞዎች ቤልግሬድ ባለው የዩጎዝላቪያ ሙዚየም፣ ንግግሮቹን በተባበሩት መንግሥታት የድምፅና የምስል ክምችት ታገኛላችሁ። ለአብዛኛው መፈለጊያ አንድ ስልክና ትንሽ ዳታ ይበቃል።

እዚሁ ከተማችን ውስጥ ደግሞ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ወመዘክር አለ። ስድስት ኪሎ፣ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከነሙዚየሙ አለ፤ የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ክፍል ሳይቀር ታያላችሁ። የታደሰው አፍሪካ አዳራሽ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል። እሑድ ልጆቹን የት እንውሰዳቸው ለምትሉ ከገበያ ማዕከሉ ሌላ አማራጭ ይኸው።

የቤታችን ወመዘክር

በመጨረሻ ወደ ቤታችን እንግባ። ታሪክ የተነሳው በቤተ መንግሥት ካሜራ ብቻ አይደለም። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ቤተ መንግሥቱን ሲያነሱ የኖሩት አርመኖቹ የቦያጂያን ቤተሰቦች ፎቶ ቤት ነበራቸው፤ በየሰፈሩም ሌሎች ፎቶ ቤቶች ተከፍተው ነበር። ተራው ሰው ክቱን ለብሶ፣ ከተሳለ መጋረጃ ፊት ቆሞ ይነሳ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም የከተማችን ሰዎች ከአልበማቸው ያወጧቸው ፎቶዎች ተሰብስበው በመጽሐፍ ወጥተዋል። ያየ ሰው የራሱን እናት ያየ ይመስለዋል።

አያቴ ቤት አንድ ፎቶ አለ። አምስት ወንዶች ቱታ ለብሰው ከአውሮፕላን ክንፍ ሥር ቆመዋል። ልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ከግራ ሁለተኛው አያቴ ናቸው፤ እኔ ሳልወለድ ያረፉት። ዕቃ ያወርዱ ይጭኑ ነበር። ለትልቅ እንግዳ የተነጠፈውን ምንጣፍ አንስተው ያጥፉም እንደነበር እማማ ታወራለች። እነዚያ የዓለም ጋዜጦች ላይ የወጡት ፎቶዎች እንዲነሱ መሬቱን የጠረጉት እንግዲህ እነዚህ ናቸው። የድሮው ልደታ ሲፈርስና ቤተሰቡ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲገባ ቁም ሳጥኑ ተሸጠ፣ ምጣዱ ለሰው ተሰጠ፤ አልበሙን ግን እማማ ጉያዋ ውስጥ አድርጋ መጣች።

ከፎቶው ጀርባ ምንም አልተጻፈም። አምስቱንም በስም የምታውቅ አንድ ሰው ብቻ ቀርታለች፤ እርሷም ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው። ባለፈው የፋሲካ በዓል ቡናው እየተፈላ ፎቶውን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሦስቱን ወዲያው ነገረችኝ፤ ከነቅጽል ስማቸው፣ ከነአመላቸው። አራተኛው ላይ ቆየች። ጣቷን ፊቱ ላይ አድርጋ «ሠርጋችን ላይ እስኪነጋ የጨፈረው እሱ ነው… ስሙ አፌ ላይ ነው» አለች። ቡናው ሦስተኛ ደረሰ፤ ስሙ አልመጣም። አራተኛው ሰው በታሪክ ውስጥ የቀረው የጨፈረ ሰው ሆኖ ነው። አምስተኛውን ለሌላ ቀን ብላ አሳደረችው።

ስለዚህ ከዚህ ወር ጽሑፌ የምትወስዱት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ይሁን፦ ቤታችሁ ውስጥ ስሞቹን የሚያውቅ ሰው እያለ ጠይቁ። አሠራሩ ቀላል ነው።

አንደኛ፣ ፎቶዎቹን ከአልበሙ ሳትጎነጉኑ በስልካችሁ አንሷቸው፤ ብርሃን መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ። የፕላስቲክ ሽፋኑ ላይ የተጣበቀውን በግድ አትንቀሉት።

ሁለተኛ፣ ከጀርባው ስትጽፉ በእርሳስ ጻፉ፤ ያውም በጠርዙ በኩል፣ ሳትጫኑ። እስክሪብቶ ከጊዜ በኋላ ወደ ፊት ይደማል። ስም፣ ቦታ፣ ዓመተ ምሕረት። ዓመቱ ካልታወቀ «ሠርጉ ከመሆኑ በፊት» ብሎ መጻፍም መረጃ ነው።

ሦስተኛ፣ ስትጠይቁ የስልካችሁን ድምፅ መቅጃ አስፈቅዳችሁ ክፈቱ። ስሙ ብቻ ሳይሆን የአነጋገራቸው ለዛ፣ ሳቃቸው፣ መሃል ላይ የሚሉት «እንዴት ያለ ጊዜ ነበር!» ይቀራል። ስለ ጄኔቫውና ስለ ኒው ዮርኩ ድምፅ ስናወራ የቆየነው ሰው ስለቀረጸው ነው። የእናታችሁን ድምፅ ከእናንተ በቀር የሚቀርጽላችሁ የለም።

አራተኛ፣ አንድ ቅጂ እናንተ ጋ ብቻ አይቅር። ውጭ ላሉት ዘመዶች በቴሌግራም ላኩላቸው። ብዙ ጊዜ ስሙ የጠፋውን ሰው የሚያውቀው ዋሽንግተን ያለው አጎት ነው።

አምስተኛ፣ ልጆቹን አስቀምጧቸው። ይጠይቁ። የልጅ ጥያቄ አዋቂ የሚዘለውን ይነካል።

የመንግሥታት መዝገብ ቤቶች የሩዝቬልትንና የንጉሠ ነገሥቱን ፎቶ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ ጠብቀው አቆይተዋል። እነርሱ ስማቸው አይጠፋም። ከክንፉ ሥር የቆሙትን የሚያቆያቸው ግን መሥሪያ ቤት የለም፤ እኛ ነን። በሚቀጥለው በዓል ቡናው ሲፈላ ስልካችሁን ለፌስቡክ ሳይሆን ለዚህ አውጡት። ያገኛችሁትን ታሪክ ለዝግጅት ክፍሉ ብትልኩልን ደግሞ ደስታችን ነው።

እስከ ወር በሰላም ቆዩኝ።